ዳማ የተባለችው ፊያት

ደባርቅ በጋሽ ካሣ ጋራዥ ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነበር። ሃያ ዓመቴ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጸጉሬን ቅባት ተቀብቼ ሄድሁ። ጋሽ ካሣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ሰርግ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ አንድ ግማሽ በርሜል ናፍጣ፣ አንድ ብሩሽና አንድ የተፈታ ሞተር አሳዩኝ። «እያንዳንዱን ቡሎን አጥበህ፣ በወጣበት ተራ ካርቶን ላይ ትሰካለህ። አንድ ቡሎን ከጎደለ ነገ አንተም ትጎድላለህ» አሉኝ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ሸሚዙ የሰው ልብስ አይመስልም ነበር። ቡሎኖቹ ግን አልጎደሉም።

በጋራዡ አራት ማዕረግ ነበር፤ አጣቢ፣ ረዳት፣ ሁለተኛ መካኒክ፣ አንደኛ መካኒክ። አጣቢ መፍቻ አይነካም። ረዳት መፍቻ ያቀብላል እንጂ ሞተር አይከፍትም። አንደኛ መካኒክ ጋሽ ካሣ ብቻ ነበሩ። ሙያውን ጎንደር ከጣልያኖች ስለተማሩ የመሣሪያውም ስም ስድባቸውም ጣልያንኛ ነበር። እኛም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስታታ ስንል የውጭ አገር ቋንቋ የቻልን ይመስለን ነበር።

ዳማን ያየኋት በዚያው ሳምንት ነው። ሚሌቼንቶ የሚሏት ባለ አራት በር የቤተሰብ ፊያት ናት። ማርሿ ከመሪው ሥር ነው፤ የፊት ወንበሯ እንደ መደብ አንድ ወጥ ነው። ቀለሟ እንደ ዳማ በቅሎ ስለሆነ የደባርቅ ሰው ስሙን ከበቅሎ ወስዶ ሰጣት። ባለቤቷ መምህር ዓለሙ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነበሩ። ጎንደር ነጋዴ ከነበረ አንድ ጣልያን፣ አገሩ ሊገባ ሲነሣ ነው የገዟት።

መምህር የቤተ ክህነት ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ጠዋት ሞተሯን አስነሥተው ወዲያው አይነዱም። ከመሪው ኋላ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ይደግማሉ፤ ሦስተኛው ሲያልቅ ማርሽ ያስገባሉ። ጋሽ ካሣ ሰዓት ይዘው ለክተውታል። «በደባርቅ ብርድ አንድ ሞተር የሚፈልገው ይህንኑ ያህል ነው። እሳቸው ለነፍሳቸው ብለው፣ ለዳማም ደረሰላት» ይሉ ነበር።

እኔ ያቺን መኪና ወድጃታለሁ፤ አላፍርበትም። ብዙ መኪና ካንዴላ ለመቀየር እንኳ የጣትህን ቆዳ ይልጠዋል። በዳማ ግን ሁሉም ነገር እጅ በሚገባበት ቦታ ነው። የሠራት ሰው ስለ አሽከርካሪው ብቻ አላሰበም፤ ነገ ከፍቶ ስለሚጠግናት ሰውም አስቦ ነበር። ያንን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ከዳባት ምጥ የጠናባት ሴት አለች ከተባለ ዳማ ትነሣለች። ጣሪያ የተደረመሰበት፣ እባብ የነደፈው፣ ሁሉም በእሷ ጎንደር ሆስፒታል ደርሷል። የመምህር ባለቤት እትዬ ትርንጎ የኋላውን ወንበር በብርድ ልብስ አልብሰው፣ ለበሽተኛው ስንቅ ቋጥረው ይሸኛሉ። ከእነዚያ መንገዶች በአንዱም ዳማ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

ዓመታት ሄዱ። ለውጡ መጣ፤ ደርግ ገባ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ጀመር። የግል መኪናም አንድ በአንድ ከደባርቅ ጠፋ። ጋሽ ካሣ አርጅተው ከጋራዡ በር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መሳደብ ብቻ ሆነ ሥራቸው። አንደኛ መካኒክ እኔ ሆንሁ።

አንድ ቀን መምህር ዳማን ይዘው ሲገቡ የበሩን ምሰሶ ጨርፈው አለፉ። ሃያ ዓመት የገቡበት በር ነው።

«መምህር፣ ምሰሶውን እኮ ነኩት» አልሁ።

«ወዴት በኩል ነው?» አሉኝ።

ቁልፉን ነቅለው በእጄ ላይ አኖሩት። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ለማንም አልነገሩም። ጎንደር ያለው ሐኪም፣ ቀኙ ከክረምት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ ካልታከመ እሱም ይጠፋል ብሏቸዋል። ለጉዞው፣ ለማደሪያው፣ ለሕክምናው የሚሸጥ ነገር በቤታቸው ከዳማ በቀር የለም።

«ሽጥልኝ» አሉኝ። «ግን እንደ በቅሎ ነው የምትሸጣት። ነውሯ ይነገራል፤ ዋስ ይቆማል። ነውሯን ሸሽጌ በሸጥኋት ገንዘብ ዓይኔ ቢበራ ምኑን አይበታለሁ?»

በእኛ አገር በቅሎ ሲሸጥ ባለቤቱ ነውሩን በአደባባይ ይናገራል። ትራገጣለች፣ ትነክሳለች፣ ወንዝ ትፈራለች ይላል። ሸሽጎ ከተገኘ እንስሳው ይመለሳል፤ የዋሱም ስም አብሮ ይበላሻል። ለዳማ ዋስ የሆንሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ትርንጎ ጋራዥ መጡ። እኔ አንድ የጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ የሚታዩኝ እግራቸው ብቻ ነው።

«ሙላት ልጄ፣ ከዳማ ላይ ብትጎድል የማትጎዳት ነገር የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። አፌ ደግሞ መቀለድ ይወዳል። «የውሃ ክዳኗ ናት እትዬ! ክዳን ምን አላት? ከዚያ ሳጥን አንዱን አሮጌ ቢደፍኑባት ዳማ አታውቅም!» አልሁ። ስቀው ሄዱ። እኔም ወዲያው ረሳሁት።

ገዢ መጣ። አቶ ሐጎስ የሚባሉ የአዲ አርቃይ ልብስ ሰፊ ናቸው። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የሚሰፉ፣ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። መኪና ሲያዩ እንደ ሌላው ሰው ጎማ በእግራቸው አልመቱም። አውራ ጣታቸውን በወንበሩ ስፌት ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። የበሩን ጎማ ጫፍ ሳብ አድርገው ለቀቁት። «ስፌቷ አልተፈታም። ሰው የያዛት መኪና ናት» አሉ።

ነውሯን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ሦስተኛ ማርሽ በለዘብታ ካልሆነ አይገባም። የግራ የኋላ በር ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይከፈትም። የዝናብ መጥረጊያዋ ሰነፍ ነው። «የሚያቆማት ግን የለም» አልሁ።

«ሊማሊሞስ?»

ሊማሊሞ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ጠመዝማዛ ገደል ነው። አቶ ሐጎስ ቤተሰባቸውን ይዘው ያን ዳገት መውጣት ካልቻሉ መኪናዋ ለእሳቸው ምንም አይደለችም።

«ሙሉ ሰው ይዛ፣ ሳትፈላ ትወጣለች» አልሁ።

«ዋሷ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ነገ ወርደን እንውጣ። ከወጣች እገዛለሁ። ካልወጣች ጎንደር የሚሸጥ ላንድሮቨር አለ፤ ከነገ ወዲያ እሱን አያለሁ።»

መምህር የቀራቸው የቤንዚን ኩፖን ለአንድ መውረድና ለአንድ መውጣት ብቻ የሚበቃ ነበር። ክረምቱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ሌላ ገዢ እስኪመጣ የሚጠብቅ ዓይን አልነበራቸውም።

ያን ቀን እስኪመሽ ሠራሁ። ዘይት ቀየርሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ጠራረግሁ። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። ራዲያተሩን በገዛ እጄ ጢም አድርጌ ሞልቼ ከደንሁ። ከዚያ ወደ መምህር ግቢ ነድቼ አቆምኋት። ጠዋት ጎማና ፍሬን አየሁ። ኮፋኖውን ግን አልከፈትሁም። ማታ ያየሁትን ጠዋት ምን አደርግበታለሁ ብዬ ነው።

አምስት ሆነን ተነሣን። እኔ ነዳሁ። አቶ ሐጎስ ከጎኔ፣ መምህር ከአቶ ሐጎስ ሁለት ዘመዶች ጋር ከኋላ። ኬላው ላይ የቆመው ሚሊሻ ወረቀት ሊጠይቅ ጎንበስ ሲል መምህርን አየ። የድሮ ተማሪያቸው ነው። ጠመንጃውን በጀርባው አዙሮ «እንደምን አደሩ መምህር» ብሎ እጅ ነሣቸው። መምህር ድምፁን ሰምተው «አሁንም ‹ሀ›ን አጣመህ ነው የምትጽፍ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳላበዛ ወረድሁት። ከታች አዙረን መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ ዳማ እንደ ልማዷ ወጣች። አቶ ሐጎስ የሙቀቱን ቀስት እንጂ መንገዱን አያዩም። እኩሌታውን ካለፍን በኋላ ቀስቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ኩርባ አለፍን፤ ቀስቱ ወደ ቀዩ ተጠጋ። በሚቀጥለው ኩርባ ከኮፋኖው ሥር ጭስ መሰል እንፋሎት ቡልቅ አለ።

አቆምሁ። ዘመዶቹ ወርደው ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፉ።

«ወንድሜ፣ ሳትፈላ ነበር ያልኸው» አሉ አቶ ሐጎስ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላ ወንበር የመምህር ድምፅ መጣ። «ፈላች እንዴ ሙላት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አዎ መምህር» አልሁ።

«ፈልታ አታውቅም እኮ» አሉ፣ ለራሳቸው።

የፈላ ራዲያተር ወዲያው አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። እስኪበርድ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ጨርቅ ይዤ ክዳኑን አዞርሁት። እጄ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ የዳማ እንዳልሆነ አወቅሁ። ከአንድ አሮጌ ጭነት መኪና ፈትቼ፣ ሞላው ሞቷል ብዬ፣ በገዛ እጄ ወደ ሳጥኑ የጣልሁት ነው።

የራዲያተር ክዳን መክደኛ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ሞላ የምንለው ጥቅል ሽቦ አለው፤ ያ ሞላ እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የእኛ አገር ከፍታ ላይ ውሃ ሳይግል ነው የሚፈላው። ደባርቅ ላይ ባቄላ የቀቀለች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አይበስልም። ስለዚህ በእኛ ዳገት ሞላው የሞተ ክዳን ያለው መኪና ይፈላል፤ የፈለገ ጥሩ ሞተር ቢኖረው።

የእትዬ ትርንጎ ጥያቄ ያን ጊዜ ተከሠተልኝ። ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሰጥም። ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል፤ የሻጩ ገመድ ከቤት ይቀራል፣ ገዱ ከከብቱ ጋር እንዳይሄድ። እትዬ ትርንጎ ለዳማ ገመድ ቢፈልጉላት አጡ፤ ከራሷ ከዳማ ላይ አንድ ነገር ቆርሰው ሊያስቀሩ ፈለጉ። የትኛውን ላስቀር ብለው የሚያውቀውን ሰው ጠየቁ። የሚያውቀው ሰው ቀለደባቸው። ከሳጥኑ የወሰዱትን ክዳን ሌሊት ግቢ ቆማ ሳለች ደፍነውባት፣ የእሷን አስቀሩ።

መኪናዋ አርጅታለች ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ግን ዋስ ነኝ ብያለሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁና ቀልዴንም፣ ሳጥኑንም፣ ጠዋት ኮፋኖ አለመክፈቴንም ሁሉንም ተናገርሁ። የእትዬ ትርንጎን ስም ላልጠራ ፈለግሁ፤ ግን ያለ እሳቸው ነገሩ አልገጥም አለ።

«ለዓይኔ ብላ ነው» አሉ መምህር። «‹ስንቱን ያዳነች መኪና ናት፣ ገዷ ከቤታችን ወጥቶ አንተን እንዴት እሰድሃለሁ› ስትለኝ ነበር። እኔ ለወጉ የምትለው መስሎኝ።»

አቶ ሐጎስ ክዳኑን ተቀብለው ሞላውን በጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ሞተ ሰው እጅ ተመልሶ አልተነሣም። «የኔም ሚስት ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር» አሉ። «ነውር ሸሽገሃል አልልህም። ግን ያልለበስሁትን ልብስ ልክ ነው አልልም። ትክክለኛው ክዳን ይምጣና ትውጣ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ካልመጣህ በሚያልፈው መኪና ተሳፍሬ ወደ ጎንደር ነኝ።»

አንድ እህል የጫነ መኪና እያቃሰተ ሲወጣ ተንጠላጠልሁ። ደባርቅ ስደርስ እየሮጥሁ ወደ መምህር ቤት ገባሁ። እትዬ ትርንጎ አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ።

«ገለበጥሃቸው?»

«ኧረ ሁሉም ደኅና ናቸው። እትዬ፣ ክዳኑን ይስጡኝ።»

እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። እዚያ ነው የቋጠሩት። «አልሰጥም» አሉ። «አንተው አይደለህ ክዳን ምን አላት ያልኸኝ? ገዷ ከዚህ ቤት አይወጣም። እሱ ሰው አገር ዓይኑን ለቢላ ሲሰጥ እኔ እዚህ ምን ይዤ ልቀመጥ?»

እንዲህ ጠንክረው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ዋሸሁዎት እትዬ» አልሁ። «ቀልድ ነበር። ያለዚህ ክዳን ዳማ ዳገት አትወጣም። ካልወጣች አትሸጥም። ካልተሸጠች መምህር አዲስ አበባ አይሄዱም። የመምህር ዓይን አሁን ከመቀነትዎ ላይ ነው ያለው።»

ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱት። ክዳኑ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ዝገቱን እንኳ አጥበውታል። ግን በእጄ ላይ አላስቀመጡትም።

«እንግዲያው የማትጎዳት የትኛዋ ናት? ደግሞ እንዳታላግጥብኝ፣ እንዳታላግጥብኝ!»

በዚያ ሙያ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚያ ያሰብሁበት ግን የለም። ዳማን ከፊት እስከ ኋላ በሐሳቤ ፈታኋት። መስታወቱ አይሆንም፤ ያለ እሱ ኋላ አይታይም። ጡሩምባው አይሆንም፤ ሊማሊሞ ላይ ያለ ጡሩምባ አይኬድም። «በጎማው መሐል ያለችው ክብ ሽፋን ናት» አልሁ። «ለጌጥ ናት። ብትጎድል ዳማ እንደ ዱሮዋ ትሄዳለች። ለዚህ ምስክር እሆናለሁ።»

«የምታብረቀርቀዋ?»

«እሷው።»

«ትሁን። ግን ለገዢው ንገረው። ተሰርቆ የቀረ ገድ ገድ አይሆንም» አሉና ክዳኑን ሰጡኝ።

በአቋራጩ ወረድሁ። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ አረፈ። ስደርስ አቶ ሐጎስ ከመንገዱ ዳር ቆመው ወደ ፀሐይዋ ያያሉ። ክዳኑን ከማሳየቴ በፊት የእትዬ ትርንጎን ቃል ነገርኋቸው። ካቻቢቴዬን ከኪሴ መዝዘው ጎንበስ አሉና የቀኝ የኋላ ጎማዋን ሽፋን ራሳቸው ነቀሉት። በእጅጌያቸው ጠርገው፣ የኋላውን በር ከፍተው በመምህር ጭን ላይ አኖሩት።

«ይያዙት አባቴ። ከገዢው እጅ ነው» አሉ።

ውሃ ሞላሁ። የዳማን ክዳን ከደንሁ፤ ሲገጥም የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ተነሣን።

ቀስቱ ከመሐል አልፎ አልሄደም። መምህር ሽፋኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መንገዱን ሳያዩት፣ ከኋላ ሆነው ይነዱ ጀመር። «እዚህ አንደኛ አስገባ» ይሉኛል፤ ኩርባው ይመጣል። «አሁን ልቀቃት፣ ሜዳ ናት» ይሉኛል፤ ሜዳ ይሆናል። አንድ ኩርባ አልሳቱም። እኔ አንደኛ መካኒክ ነኝ ባይ፣ እንደ ረዳት የታዘዝሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኔ እንባ ስለሞላ እንዲያውም የእሳቸው መንዳት ይሻል ነበር።

ከአፋፉ ስንወጣ አቶ ሐጎስ ቀስቱን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን አዩ። «ገዛኋት» አሉ።

መምህር በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዱ። ከአውቶቡሱ ሲሳፈሩ እትዬ ትርንጎ አላለቀሱም። ሽፋኑ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ግርጌ ተሰቅሎ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት የጋራዡ በር ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ቆሙ። ጋሽ ካሣ ከአግዳሚው ተነሡ። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቁ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይህ ጋራዥ እንዲህ ቆሻሻ መሆኑን ማንም አልነገረኝም» አሉ መምህር።

ዘይት የነካ እጄን ሳልጠርግ አቀፍኋቸው። እትዬ ትርንጎ እስከ ዛሬ ምስጋናውን ለሽፋኑ ይሰጣሉ፣ እኔ ለሐኪሙ። በዚህ አንከራከርም።

ለወጣት መካኒኮች የምለው አጭር ነው። ዋስ የሆንህለትን መኪና፣ ማታ አይተኸው ብታድር እንኳ፣ ጠዋት ኮፋኖውን ከፍተህ እንደገና እየው። ደንበኛ ሲጠይቅህ ደግሞ ከመኪናው ሥር ወጥተህ፣ ፊቱን እያየህ መልስ።